«ማንም በገንዘብ እጦት ሳይታከም አይቀርም» ሲሉን እንመን?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ያ ጀማዓ፣ እንዴት ናችሁ? አንድ የመንግሥት አመራር መድረክ ላይ ቆመው «ከእንግዲህ ማንም በገንዘብ እጦት ሳይታከም አይቀርም፤ የጤና መድህን አባል የሆነ ሁሉ መድኃኒቱን እዚያው ከታከመበት ያገኛል» ብለው ቃል ገቡ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ሰውየውን ጠልቼ አይደለም፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አንድም ቃል ስላልተነፈሱ ነው። እናንተስ ታምናላችሁ?

የሐይቁ፦ እኔ አምናለሁ። የእኛ ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን፣ ማለትም ገበሬው በዓመት አንዴ አዋጥቶ ሲታመም የሚታከምበት፣ ሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ናት። ያኔም «ሳልታመም ምን አስከፈለኝ» ያለው ብዙ ነበር። በሬውን ሸጦ ይታከም የነበረ ገበሬ ዛሬ የአባልነት ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይገባል። ይኼ ቀላል ነው ወይ?

ነርሷ (ወልድያ አካባቢ)፦ ቀላል አይደለም ወንድሜ። ግን ከውስጥ ሆኜ የማየውን ልንገርህ። አባሉ ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ ካርድ ያወጣል፣ ይመረመራል፣ ይታዘዝለታል። መድኃኒት ክፍሉ መስኮት ላይ ሲደርስ «ይኼ የለም፣ ውጭ ግዙ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው ከኪሱ ነው። ተቋሙ ላከመበት ሒሳቡን ለመድህኑ ያቀርባል፤ ክፍያው ሲዘገይ ቀጣዩን መድኃኒት የሚገዛበት ተዘዋዋሪ ገንዘብ ይደርቃል። ገንዘቡ ሲገባ ደግሞ ዋጋው ሌላ ሆኖ ይጠብቃል። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ ነው፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መዋጮው ግን የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ነው። መስኮቱ ላይ ቆሜ «የለም» የምለው እኔ ነኝ፣ ስድቡንም የምቀበለው እኔ ነኝ። መድረክ ላይ ቃል የገባው ሰው እዚያ የለም።

የሐይቁ፦ እህቴ፣ አብሽሪ፣ ልፋትሽን ማን ይክዳል። ዋጋ ከጨመረ መዋጮው ትንሽ ይጨመር። ሌላ ምን መንገድ አለ?

አባባ (ወረኢሉ)፦ ልጄ፣ «ትንሽ ይጨመር» ያልከው ለእኛ ትንሽ አይደለም። የሚጠየቀው እህሉ ተወቅቶ ሲገባ ነው፤ ማዳበሪያውም፣ ግብሩም ያኔ ነው። ሲጨምር ማን እንደሚወጣ ልንገርህ፤ ጤነኛው ነው። «ዘንድሮ አልታመምኩም» ብሎ ይተወዋል። ሕመምተኛውና ሽማግሌው ይቀራሉ። ከዚያ መድህኑ በምን ይቆማል? «መክፈል የማይችሉ» የሚባሉትም አሉ፤ ለእነሱ መንግሥት ይከፍላል ይባላል። እኛ ጋ ግን ቁጥሩ ከላይ ተቆርጦ ይመጣል፤ ደሃው ከቁጥሩ ሲበልጥ የሽማግሌ ሥራ ከደሃ ደሃ መምረጥ ይሆናል። ይኼን ያደረገ ሰው ሌሊት እንቅልፍ የለውም።

መምህሩ (ኮምቦልቻ)፦ አባባ ልክ ነዎት። እኔ ሌላ ልጨምር። ለደመወዝተኛው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ ያዋጣል ተባለ። ከዚያ «በዚህ ዓመት ይጀመራል» እየተባለ ለዓመታት ተንከባለለ። እውነቱን ለመናገር እኛ ሠራተኞቹም ተቃውመናል፤ ደመወዙ ሳይበቃ ሊቆረጥ፣ የሚታከሙበት ቦታም መድኃኒት ሳይኖር! ይኼን ያየ ሰው አዲስ ቃል ሲሰማ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

የሐይቁ፦ እንዲህ ካልን የተሠራውንም መካድ ይሆናል። በ1992 ዓ.ም. ጥናት ከ1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት 67 ደርሷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶቹ ቤት ለቤት ዞረው ያመጡት ነው። ያም ሲጀመር ቃል ነበር።

ጠያቂ፦ ጥሩ አነሣህ፣ እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። ያኔ ከቃሉ ጋር በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠራ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሠራተኛ ተመደበ፣ ደመወዝ ተያዘ። ቃሉን ያመንነው በጀት ስለተከተለው ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። የአፍሪካ መሪዎችም በ1993 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ነበር። እኛ አገር እዚያ አልደረሰም። በ2014ቱ ጦርነት ሆስፒታላችን ተዘርፎ አልጋው ሳይቀር ሲሄድ ያየን ሰዎች ነን፤ ቃል ብቻውን ሐኪም ቤት እንደማያቆም አይተናል።

ነርሷ፦ ስለ ባለሙያውም አትርሱ። ግንቦት 2017 ሐኪምና ነርስ ደመወዝ አነሰን ብሎ የተነሣው ጠግቦ አልነበረም። መድኃኒቱ ቢሞላ እንኳ የሚያክመው ሰው ከሄደ ደብተሩ ምን ያደርጋል?

የሐይቁ፦ እሺ፣ እኔ ተስፋዬን አልጥልም። ግን ምን እናድርግ ትላለህ?

ጠያቂ፦ ሐምሌ ላይ የወረዳ ምክር ቤቶች በጀት ሲያጸድቁ፣ ለመድህኑ ድጎማና ለመድኃኒት መግዣ ስንት እንደተያዘ ተመራጮቻችንን እንጠይቅ። ለጤና ተቋማቱ ያልተከፈለው ዕዳ ስንት ነው፣ መቼስ ይከፈላል? ይኼን በወረቀት ያሳየን አመራር ቃሉን አምንለታለሁ፤ እኔም አብሬው ቆሜ አባል መዝግቡ እላለሁ። እስከዚያ አላምንም።

አባባ፦ የደሃዎቹን ቁጥር ማን እንደሚቆርጠውም ጠይቁልኝ። እኔም እመጣለሁ።