በሽምብጥ የሚገኝ አሮጌ የጭቃ ቤት፦ ፊቱን ለማሳመር ከየት እንጀምር?

ጠያቂዋ፣ ከሽምብጥ

ጤና ይስጥልን። በባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ፣ ወላጆቻችን በ1970ዎቹ የሠሩት ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት አለን። አባታችን ካረፉ ወዲህ እናታችን ብቻቸውን ይኖሩበታል። በመጪው ጥር ታናሽ እኅታችን ስለምትዳር ሽማግሌውም፣ ዘመዱም፣ ሙሽራውም የሚገቡት በዚሁ በር ነው። እኔና ወንድሜ የቤቱን ፊት ለማሳመር የተወሰነ ገንዘብ አስቀምጠናል፤ ገንዘቡ ግን ቤቱን አፍርሶ መሥራት ቀርቶ ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ለመለወጥ እንኳ አይበቃም።

የቤቱ ፊት ሰባት ሜትር ያህል ሲሆን በመካከሉ ባለ ሁለት ተካፋች የእንጨት በር፣ በግራና በቀኙ አንዳንድ መስኮት አለው። ከመሬት እስከ ጉልበት ያለው ምርጊት ረግፎ ጭዱ ይታያል። ከዚያ በላይ ከዓመታት በፊት የተቀባው ሰማያዊ የፕላስቲክ ቀለም እየተላጠ ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፤ አሸንዳም የለውም። ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለው ዐሥራ አምስት እርምጃ የሚሆን መንገድ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው።

ወንድሜ የሚለው፣ ፊቱን በሙሉ በሲሚንቶ አስለስነን ከታች አንድ ሜትር ያህል ሴራሚክ ብናስለጥፍበት ቤቱ አዲስ ይመስላል ነው። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። እናታችን ለበዓል ግድግዳውን በእጃቸው ሲለቀልቁ ነው ያደግነው፤ በቀኙ መስኮት ሥር ቀለም ያልደረሰበት ቦታ ላይ የአራት ጣቶቻቸው ቅስት ቅስት መስመር ዛሬም ይታያል። ይሁንና በስሜት ብቻ ወንድሜን ልከራከረው አልፈልግም። ገንዘባችን ውስን ከሆነ ከምን መጀመር አለብን? ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜስ ምን ያህሉ ይደርሳል?

ግንበኛው፣ ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ

እኅቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ምርጊቱ የረገፈው ከመሬት እስከ ጉልበት መሆኑን መጻፍዎ መልሱን ራሱ ይዞታል። አሸንዳ ከሌለው ቆርቆሮ የሚወርደው ውኃ መሬቱን መትቶ ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ ርጭቱ የሚደርስበት ከፍታም ጉልበት አካባቢ ነው። በእኛ ከተማ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ግድግዳው በአንዱና በሌላው ዝናብ መካከል የሚደርቅበት ፋታ አያገኝም። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ለቀለም ሳይሆን ለውኃው ነው። ይህን ሳያደርጉ የሚቀቡት ቀለም ሁሉ እስከ መጪው ነሐሴ ብቻ ይቆያል።

አስቀድመው ክፈፉን ይለኩ። ቆርቆሮው ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ካልወጣ አጭር ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም ወደ ዜጌ በተሻገሩ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ አስተውለው ከሆነ፣ ክፈፉ ወደ ውጭ ሰፍቶ ይወርዳል፤ የጭቃ ግድግዳን ከዝናብ የሚጠብቀው እንዲህ ያለ ሰፊ ጣሪያ ነው። ክፈፍዎ አጭር ከሆነ ከየወራጁ ጎን እንጨት አስቀጥለው አንድ ረድፍ አዲስ ቆርቆሮ ከአሮጌው ሥር ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብቶ መምታት ይቻላል። ከዚያ አሸንዳ ይሰቀላል። አሸንዳው በየሜትሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት፤ ቀጥ ብሎ ከተሰቀለ ውኃ ያቁራል፣ ቅጠል ይይዛል፣ ውሎ አድሮም ከመካከሉ ይበሰብሳል። መሬቱም ከግድግዳው እየራቀ ዝቅ እንዲል ይደልደል።

ወደ ሲሚንቶው ልምጣ። የወንድምዎን ሐሳብ አልንቅም፤ በየመንደሩ የሚታይ ነገር ነው። ነገር ግን በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ያለው ባሕር ዛፍ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ጭቃውም አብሮት ይላወሳል። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው፤ አይከተላቸውም። ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ የገባው ውኃ ግን በጭቃው ፊት እንደ ቀድሞው ተንኖ መውጣት አይችልም። ሴራሚክ ሲጨመርበት ደግሞ መውጫው ጭራሽ ይዘጋል። ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ የለሰንሁትን የአንድ ቤት ግድግዳ ከሦስት ክረምት በኋላ ተጠርቼ ሳንኳኳው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። በመሮ አንድ ጊዜ ብነካው ልስኑ እንደ ሳንቃ ተገንጥሎ ወረደ፤ ከኋላው የነበሩት ሁለት ቋሚዎች በምስጥ ተበልተው ቅርፊታቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። ባለቤቶቹ ምንም አላዩም፤ ምክንያቱም ልስኑ ከላይ ደህና ነበር። ያን ቀን ያዘንሁትን ኀዘን አልረሳውም፤ ከዚያ ወዲህ ጭቃን በሲሚንቶ አልለስንም።

እንግዲህ የላላውን ምርጊት ሁሉ አራግፋችሁ የእያንዳንዱን ቋሚ ግርጌ በረጅም ሚስማር ውጉት። ሚስማሩ ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ ሞቷል፤ የሞተው ክፍል ተቆርጦ ከሥሩ በጥቁር ድንጋይ ይደገፍ። ለምርጊቱ ቀይ አፈር ይምረጡ፤ ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አይሆንም። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካና ጥቂት ቀናት ውኃ እየጠጣ እየተረገጠ ይክረም። የመጀመሪያው ንብር ወፍራም ይሁን፤ ደርቆ ይሰንጠቅ፣ አይደንግጡ። በስንጥቁ ላይ የሚመጣው ሁለተኛው ንብር በደቃቅ ጭድና በጥቂት አሸዋ የተለወሰ ቀጭን ይሆናል። ዝናቡ ስላበቃ አሁን ብትጀምሩ ለጥር ትደርሳላችሁ።

የግሽ ዓባይ ነዋሪ

የግንበኛውን ምክር አከብራለሁ፤ ሆኖም የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ከተለሰነ የግድ ይበላሻል የሚለውን እንዳለ ለመቀበል እቸገራለሁ። የእኔን ቤት ፊት የሽቦ መረብ አስመትቼ ካስለሰንሁት ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በመስኮቶቹ ማዕዘን ላይ ከታዩት ጥቃቅን ስንጥቆች በቀር እስካሁን ጉዳት አላየሁበትም። በየዓመቱ ምርጊት ማደስ ለአረጋዊት እናት ድካም ነው፤ የወንድምየው ሐሳብም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር ግን የእኔ ቤት እስከ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ መሠረት ላይ የተቀመጠ ነው፤ አሸንዳውም ከልስኑ ቀድሞ የተሰቀለ ነበር።

ግንበኛው፣ ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ

ወንድሜ፣ ቤትዎን ያቆየው የጻፉት የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ድንጋዩ ርጥበቱን ከሥር ከልክሎታል፣ አሸንዳው ከላይ። የጠያቂዋ ቤት ሁለቱም የሉትም። ሁለቱ ከተሟሉ ደግሞ ምርጊቱ ራሱ ብዙ ዓመት ስለሚቆይ የእናታችን ድካም ይቀላል። ለማንኛውም በየክረምቱ መጨረሻ ልስንዎን ከታች በጣትዎ አጥንት እያንኳኩ ይፈትሹት፤ ድምፁ ከተለወጠ አይቆዩ።

የቀለም ባለሙያ፣ ከጣና ክፍለ ከተማ

እኔ ስለ ቀለሙና ስለ በሩ ልጨምር። አዲሱ ምርጊት ላይ ዳግመኛ የፕላስቲክ ቀለም እንዳይቀቡበት አደራ እላለሁ። ሰማያዊው ቀለም የተላጠው ርካሽ ስለነበረ አይደለም፤ ከጭቃው ሊወጣ የፈለገው ርጥበት ከኋላ ስለገፋው ነው። ኖራ ይቀቡ። ዱቄቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፣ በጨርቅ ያጥልሉት፣ እንደ ወተት እስኪሆን ያቅጥኑት። ግድግዳውን ውኃ ረጭ ረጭ ካደረጉ በኋላ በሰፊ ብሩሽ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ በማግስቱ ይድገሙት፣ በሦስተኛው ቀን ይሠልሱት። ርጥብ ሳለ ምንም ያልተቀባ ይመስላል፤ ንጣቱ የሚወጣው ሲደርቅ ስለሆነ ቸኩለው አያወፍሩት፤ የወፈረ ኖራ ይላጣል። የግድግዳው አሮጌ ቀለም ግን አስቀድሞ ተፍቆ መውጣት አለበት፤ ኖራ ፕላስቲክ ላይ አይዝም። ዐይንንና እጅን ስለሚያቃጥል መነጽርና ጓንት ያድርጉ።

ነጩ ብቻውን ባዶ መስሎ ከታየዎት ቀይ አፈር ነፍተው በኖራው ውስጥ ይበጥብጡና ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ክፍል በዚያ ይቀቡት። የመሬቱ ቀለም ወደ ግድግዳው የወጣ ያህል ይስማማል፤ የርጭት እድፍም አይታይበትም። ቤቱ የኮሪደር ልማት በሚያልፍበት መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ ቀለም ከመምረጥዎ በፊት ቀበሌውን ይጠይቁ፤ የተወሰነ ቀለም ታዝዞ ከሆነ ሁለት ጊዜ ከመድከም ይድናሉ።

በሩን አይለውጡት። የዚያ ዘመን በር ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው፤ እኔ ከአንድ በር ላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ግራጫ፣ ከዚያም ሥር ቡናማ ቀለም ፍቄ ስጨርስ ብቅ ያለው የዋንዛ ገጽ፣ ማር የመሰለ መልኩን እያየሁ ብዙ ቆሜያለሁ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሲፈቀፍቁ እያረጠቡ ይሁን፣ ልጆችም ይራቁ፤ ብናኙ ተጠርጎ ሳይሆን በርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ይነሣ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው የተልባ ዘይት ሁለት ሦስት ጊዜ ያጠጡት። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለው ቤት ውስጥ አያስቀምጡ፤ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

ከዜጌ

ስለ መንገዱና ስለ ተክሉ በአጭሩ። ከአጥሩ በር እስከ ደጃፉ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ፈልጋችሁ በአሸዋ ላይ ደልድሉት፤ በእኛ አካባቢ ድንጋይ የሚቸግር አይደለም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንዲሄድበት ቢያንስ አንድ ሜትር ከሃያ ይስፋ፤ ለሠርግ ቀን ትዝ ይላችኋል።

ተክልን በተመለከተ ከግድግዳው ሥር ምንም አትትከሉ፤ የምታጠጡት ውኃ ግንበኛው ያባረረውን ርጥበት መልሶ ያመጣዋል። አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ በሶብላና ጤና አዳም ቢተከል እንግዳን ከደጅ በመዓዛው ይቀበላል። ቡጋንቪላ አጥሩ ላይ እንጂ ቤቱ ላይ አይውጣ፤ ከቁራጭ አስነሥቶ ለጥር ማድረስ ስለማይቻል ከችግኝ ጣቢያ ያደገውን ግዙ። ዘንባባ የከተማችን ጌጥ ቢሆንም ለሰባት ሜትር ቤት ፊት ይከብዳል።

ጠያቂዋ፣ ከሽምብጥ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ቅዳሜ ዕለት ከወንድሜ ጋር ለካን፤ ክፈፉ ከግድግዳው የወጣው ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሚስማሩን የያዘው ወንድሜ ነበር። ከበሩ በስተቀኝ ያለውን ቋሚ ሲወጋው ሚስማሩ እስከ ራሱ ገባ፤ ሲያወጣው ጫፉ ላይ እንደ ጤፍ ዱቄት የደቀቀ እንጨት ይዞ ወጣ። ዝም ብሎ አየውና «ሴራሚኩ ይቅር» አለ። እናታችንም መጥተው አዩ፤ የሚተካው እንጨት ሁለት መሆኑን ሲሰሙ «ሁለት ብቻ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

ስለዚህ በቅድሚያ እንጨቱን፣ ከዚያ ክፈፉንና አሸንዳውን፣ ቀጥሎ ምርጊቱን ልናሠራ ነው። ድንጋዩን እኛው እናነጥፋለን። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። የዛገውን ቆርቆሮ ከላይ መቀባት ይቻላል ወይ? በመስኮቱ ሥር ያለው የእናታችን የጣት መስመርስ ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል?

ግንበኛው፣ ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ

ቆርቆሮው ካልተበሳ ይቀባል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጋችሁ፣ አቧራውን አጥባችሁ አድርቁት፤ አንድ ጊዜ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ሁለት ጊዜ የጣሪያ ቀለም ይበቃዋል። ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ ይቀባ፤ በቀትር የጋለ ቆርቆሮ ላይ ቀለሙ ሳይለሰልስ ይደርቃል። የላሉት ሚስማሮች ከነጎማቸው ይለወጡ፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሰውም ሚስማር በተመታበት መስመር ላይ ብቻ ይርገጥ።

የጣቱን መስመር በተመለከተ፣ ያ ምርጊት ሲያንኳኩት የማይጮህ ከሆነ አይነካ። አዲሱን ምርጊት ከዙሪያው እያሳሳን ወደ እርሱ እናደርሰዋለን፤ ኖራውም በዚያ ቦታ ላይ ከሌላው ይበልጥ ከቀጠነ ቅስቱ ከሥሩ ይታያል። አቅም ካላቸው ደግሞ በአዲሱ ምርጊት ላይ የመጨረሻውን ለቅላቃ ከዚያው መስኮት ጀምረው እርሳቸው ይለቅልቁት፤ ከፍ ያለውን እናንተ ትጨርሱታላችሁ። የሁለተኛው ንብር ጭቃ የሚቦካበትን ቀን ብትነግሩኝ ለመርገጡ እኔም እመጣለሁ።