እንገር ወይስ ሽሮ? የጋራ ፕሮፖዛላችን የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ከምግብ የሚገኝ ፕሮቲን አጥንት ገንቢውን ህዋስ፣ ኦስቲዮብላስትን፣ ያራባዋል ወይ? ከየትኛው ምግብ እንጀምር?

ከኮምቦልቻ፦ ከእንገር። ላክቶፈሪን የሚባለው ፕሮቲን እንገር ውስጥ ከተራ ወተት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ2004 እ.ኤ.አ. የኦክላንድ ተመራማሪዎች ይህ ፕሮቲን ኦስቲዮብላስትን እንደሚያራባ፣ አጥንት አፍራሹን ኦስቲዮክላስትንም እንደሚገታ አሳይተዋል።

ከባቲ፦ የግመል ወተትም ላክቶፈሪን አለው። አርቢዎቹ ሰኞ ሰኞ ገበያ ይመጣሉ። ናሙና ለመጠየቅ ይመቸናል።

ከደላንታ፦ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የእኛ ሰው በየቀኑ የሚበላው ሽሮ ነው። እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ወራት ተኝታለች። እሷ የምትበላውን ካልፈተንን ለማን ነው የምንሠራው?

ከኮምቦልቻ፦ እናትሽን ይማርልን እህቴ። ልክ ነሽ። ደግሞስ እንገር የጥጃው ነው፤ አንሻማው።

ከደሴ (ላብራቶሪ)፦ ለእኔ ዋናው ነገር ሌላ ነው። የሽሮን ፕሮቲን እንዳለ ህዋስ ላይ ብናፈስ ምንም አይነግረንም። ምግብ መጀመሪያ ሆድ ውስጥ ይፈጫል። ወደ ደም የሚያልፈው በአብዛኛው ፕሮቲን የሚሠራበት አሚኖ አሲድና አንዳንድ ጥቃቅን የፕሮቲን ቁራጭ፣ ፔፕታይድ፣ ነው። ስለዚህ ሽሮው በስሎ፣ በጨጓራው ምግብ ፈጪ ኢንዛይም በፔፕሲን 2 ሰዓት፣ ከዚያ በቆሽት ኢንዛይሞች በፓንክሪያቲን 2 ሰዓት፣ በ37 ዲግሪ ይፈጭ። ሽሮ የሌለበት፣ ኢንዛይሙ ብቻ ያለበት ማነጻጸሪያ፣ ኮንትሮልም ይኑረን። ህዋሱን የምናሳድግበት ሴረም፣ ከደም የሚወጣው ፈሳሽ፣ ደግሞ ራሱ ህዋስ የሚያራባ የእድገት ፋክተር አለው። እሱን ካልቀነስን ያራባው ሽሮው ይሁን ሴረሙ አናውቅም።

ከባቲ፦ ህዋሱ በዛ ማለት አጥንት ተሠራ ማለት ነው?

ከደሴ (ላብራቶሪ)፦ አይደለም። ለዚህ ነው ከቆጠራው ሌላ አጥንት ገንቢው ህዋስ ሲበስል የሚጨምረውን ኢንዛይም፣ አልካላይን ፎስፋቴዝን፣ ቆይቶም የካልሲየም ክምችትን የምንለካው። ያኔም ቢሆን ያየነው የላብራቶሪ ሳህን ላይ ያለ ህዋስ ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ «ሽሮ ስብራት ይከላከላል» የሚል ቃል እንዳይገባ አደራ።

አስተባባሪ፦ አብሽሩ፣ ተግባብተናል። የሽንብራ ሽሮ ዋናው ናሙና ይሁን። የተጣራ ላክቶፈሪን ውጤቱ ስለሚታወቅ ማወዳደሪያ ይሆነናል። የግመል ወተት ሁለተኛው ዙር ላይ ይግባ። የገበያ ሽሮ ግን አንግዛ፤ ጓያ ይቀላቀልበታል፤ ምኑን እንደፈተንን አናውቅም።

ከደላንታ፦ ሽንብራውን ከቤት አመጣለሁ። ለቅሜ፣ ቆልቼ፣ እኔው አስፈጫለሁ።