ያቺ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። 31 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ የሞተችው በ7 ዓመቴ ነው። ከዚያ ያደግኩት ዘመድ ቤት ነው። አንድ ቀን ብርጭቆ ሰበርኩ። የቤቱ አባወራ ስብርባሪውን በባዶ እጄ እያስለቀመኝ «አንቺ እኮ የነካሽው ሁሉ ይበላሻል» አለኝ። ዱላውን ረስቼዋለሁ። ቃሉን ግን አልረሳሁትም።

ዛሬ ሥራ አለኝ፣ ባል አለኝ፣ የ3 ዓመት ልጅ አለችኝ። ግን አለቃዬ «እስቲ አንዴ ነይ» ስትለኝ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሌሊት 9 ሰዓት እነቃለሁ፤ ያቺው ቃል ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት ልጄ ወተት ስትደፋ «የማትረቢ!» ብዬ ጮህኩባት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔም ልክ እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ጸበል ሄጃለሁ። ቀለል ይለኛል፣ ከዚያ ይመለሳል። ባሌ «ያለፈውን እርሺው» ይለኛል፤ ክፉ አስቦ አይደለም። ጓደኛዬ አማኑኤል ሆስፒታል ሂጂ ብላኛለች፤ ሰው ቢያየኝ ምን ይላል ብዬ ፈራሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ያሳለፋችሁ፣ ሐሳቡ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ባለሙያ ጋ የሄዳችሁ፣ የመጀመሪያው ቀን ምን ይጠይቃሉ? ልጄንስ ይቅርታ ብጠይቃት ይገባት ይሆን?