ልጄ ሲተነፍስ ያፏጫል፣ የምታውቁ እርዱኝ

ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። ልጄ 24 ቀኑ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ሲተነፍስ ያፏጫል። ጡት ላይ ይብስበታል፤ ሁለት ሦስቴ ስቦ ይተወዋል፣ አንገቱ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባልን። በኋላ የልብ አልትራሳውንድ ሲታይ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ለሁለት ተከፍሎ የአየርና የምግብ ቧንቧውን እንደ ቀለበት ከቧቸዋል አሉን። አሁን ሲቲ ስካን ታዟል፤ መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው። ከዚያም በኋላ ቧንቧው እስኪጠነክር ፉጨቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል ብለውናል።

ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ወረፋው እንዴት ነው? ያሳለፋችሁ እናቶች፣ እስከዚያ ድረስ እንዴት አጠባችሁ? ሌሊት ደረቱ ላይ እጄን አድርጌ ነው የማድረው። እባካችሁ የምታውቁትን ጻፉልኝ።