ለትኩስ ብረት ቅጥቀጣ የትኛውን ጠጣር ማለስለሻ ትጠቁሙኛላችሁ?

ጥያቄ፦ እስካሁን የምንሠራው በዘይት ነው። የጋለ ብረት ስንቀጠቅጥ ዘይቱ እየጨሰ አስቸገረን፤ ዳዩም (ብረቱን ቅርጽ የሚያስይዘው መሣሪያ) ቶሎ ይበላል። ግራፋይት፣ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ወይስ ቴፍሎን? ሽቦም እንስባለን። የሞከራችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሦስቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። ሻጩ “ከሁሉም የሚያንሸራትተው ይህ ነው” ቢልዎት በዚያ ብቻ አይግዙ። ሥራው ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚሠራና ዕቃው ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግበት አስቀድመው ያስቡ።

ለትኩስ ቅጥቀጣ ያለ ማመንታት በውሃ የተበጠበጠ ግራፋይት እጠቁማለሁ። ግራፋይት በአየር ውስጥ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ ይቃጠላል፤ ብረቱ ግን 1200 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ሆኖም ዳዩና ብረቱ የሚነካኩት ለቅጽበት ነው፤ በመካከላቸውም አየር እምብዛም አይገባም። ስለዚህ ግራፋይቱ ሥራውን እስኪጨርስ ይቆያል። ውሃው ዳዩን እያቀዘቀዘ ይተንና ስስ ሽፋን ይተዋል። የዳዩን ሙቀት ግን ይከታተሉ፦ ከቀዘቀዘ ውሃው ሳይተን ይንጠባጠባል፣ ከልክ በላይ ከጋለ ደግሞ ጠብታው ሳያርፍ እየነጠረ ይወድቃል። ብዙዎች ግራፋይቱን የሚያማርሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሲገዙ የአመድ መጠኑን፣ ማለትም ሲቃጠል የሚቀረውን ባዕድ ነገር፣ ይጠይቁ። በተፈጥሮ ግራፋይት ውስጥ የቀረ የኳርትዝ ቅንጣት ዳዩን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ በቀለም ግራፋይትን ስለሚመስል ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ግራፋይት ለመንሸራተት የአየር እርጥበት ይፈልጋል፤ ሞሊብዲነሙ በደረቅ፣ እንዲያውም አየር በሌለበት ይበልጥ ይለሰልሳል። ለጠፈር መሣሪያዎች የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በቀዝቃዛ ሥራ ከባድ ጫናን በመሸከም እኔ የምተማመነው በእርሱ ነው። በአየር ውስጥ ግን 400 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ወደ ኦክሳይድ ስለሚለወጥ ለእርስዎ ትኩስ ሥራ አይሆንም። ሌላም አደጋ አለው፤ በውስጡ ድኝ አለ። አንድ ጊዜ የኒኬል ቅይጥ ዕቃ በእርሱ ቅርጽ ካስያዝኩ በኋላ በደንብ ሳላጥበው ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ድኙ ገብቶበት ብረቱ ተሰባሪ ሆነና ተሰነጠቀ። ያ ዕቃ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቴፍሎን እስከ 260 ዲግሪ፣ ለቀላል ጫና ብቻ ነው። ከዚያ በጣም አልፎ ከጋለ የሚወጣው ጭስ ሰውን ያሳምማልና ከእሳት ያርቁት።

ያልጠየቁኝን ልጨምር፦ ነጩ ቦሮን ናይትራይድ አለ። በአየር ውስጥ እስከ 900 ዲግሪ ገደማ ይችላል፤ ጥቁር እድፍም አይተውም። ውድ ስለሆነ ለሁሉም ሥራ አይገዛም፤ መልኩ መበላሸት ለሌለበት አሉሚኒየም ግን ገንዘቡን ያወጣል።

ለሽቦው ደረቅ የሳሙና ዱቄት ይግዙ፤ ካልሲየም ስቲሬት ወይም ሶዲየም ስቲሬት የሚባለውን። ሽቦው ዳዩ ጋ ከመድረሱ በፊት ዱቄቱ ባለበት ሳጥን ውስጥ ያልፋል። ሳሙናው የሚይዝበት መደብ እንዲኖረው ሽቦው አስቀድሞ በኖራ፣ በቦራክስ ወይም በዚንክ ፎስፌት ይሸፈን። በብርድ ለሚቀጠቀጥ ብረትም ፎስፌቱን አጥብቄ እመክራለሁ፦ ከሶዲየም ሳሙናው ጋር ተዋህዶ ከብረቱ ላይ የማይላቀቅ ዚንክ ስቲሬት ይፈጥራል።

ዕቃዎን የጠጣር ማለስለሻ ሽፋን ለሚቀባ ድርጅት የሚሰጡ ከሆነ ከዋጋው በፊት ዝግጅቱን ይጠይቁ። ዕቃው ከቅባት ይጸዳል? ፊቱ በአሸዋ ግፊት ይሻክራል ወይስ ፎስፌት ይደረግበታል? ምድጃ ውስጥ ይደርቃል? ውፍረቱ ስንት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ነው? ለብዙ ሥራ ከ5 እስከ 15 ማይክሮን ይበቃል። አወፍራለሁ የሚልዎትን አይስሙ፤ ወፍራሙ ይላጣል፣ የዕቃውንም ልክ ያዛባል።

ጥያቄ፦ ለቶርኖስ (ብረት እያሽከረከረ ለሚቆርጠው ማሽን) የጠጣር ማለስለሻውን ዱቄት በቀጥታ ብጠቀምስ?

መልስ፦ አልመክርም። ዱቄቱ ብቻውን ሙቀት አይወስድም፤ ቢላው ጫፍ ላይ ሳይደርስም ይበተናል። ጥቂቱን በዘይት በጥብጦ በጉም መልክ መንፋት ይሻላል። አሉሚኒየም በመጋዝ ሲቆርጡ ደግሞ የሰም ዱላ መጋዙ ላይ ማሸት ይበቃል። ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና የማሽኑን የኤሌክትሪክ ሳጥን ሳይዘጉ ዱቄቱን አይክፈቱ፤ አፍና አፍንጫዎንም ይሸፍኑ።