አስቸኳይ፦ የጀርመን ገዢ የላይብረሪ ዝርዝር ጠየቀን፣ ስካኑ አይቴክስት ላይ ቀይ አበራ

የመርካቶ ኮደር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ የምትመልሱልኝ ካላችሁ። የስቶክና የደረሰኝ ሲስተማችንን ለአንድ የጀርመን ቡና አስመጪ ልንሸጥ ነው። ፊርማው ሰኞ ነው። ዛሬ ከሰዓት የአይቲ ኃላፊያቸው "ኤስቦም ላኩልን" አለን። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ሁሉ ከነቨርዥኑና ከነላይሰንሱ (የአጠቃቀም ፈቃዱ) ተዘርዝሮ ማለት ነው። ስካን ስናደርግ ፒዲኤፍ በምንሠራበት ላይብረሪ በአይቴክስት ላይ "ኤጂፒኤል" የሚል ቀይ መጣ፤ ኮድህን ክፈት የሚል ላይሰንስ ነው። አለቃዬ "ኮዳችንን በሙሉ ልንሰጥ ነው?" ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። ደረሰኝ ደግሞ ያለ ፒዲኤፍ አይወጣም። ምን ይሻላል?

ሌሊት ሠራተኛ፦
ትሪቪ የሚባለውን ስካነር አሂደው። ነጻ ነው፤ ላይሰንሱንም ያወጣልሃል።

ፒያሳ ጃቫ፦
አይዞህ ወንድሜ። መጀመሪያ ግን የትኛው ቨርዥን ነው? በአይቴክስት ይሄ ወሳኝ ነው። ኤጂፒኤል የሆነው ከ5 ጀምሮ ነው፤ 2009 ላይ የወጣው። ከዚያ በፊት ያለው፣ ለምሳሌ 2.1.7፣ በኤምፒኤልና በኤልጂፒኤል ነው፤ እነሱ የራስህን ኮድ በሙሉ ክፈት አይሉም። ጃስፐር ሪፖርት የሚባለውን የሪፖርት ማውጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ብዙዎቹ የ6 ቨርዥኖች ያንን አሮጌውን ይዘው ይመጣሉ። አንዳንድ ስካነር ደግሞ ስሙን ብቻ አይቶ ቀይ ያበራል። የፓኬጁን ስም እይ፦ "ሎዋጂ" የሚል ካለበት አሮጌው ነው፣ "አይቴክስትፒዲኤፍ" የሚል ካለበት አዲሱ ነው። ሌላም አለ፦ ሲስተሙ እነሱ ሰርቨር ላይ ነው የሚጫነው ወይስ እናንተው ጋ?

ቀበና ዋናተኛ፦
ቡና አስመጪ ከሆነማ አንድ ኩንታል ይርጋጨፌ ላኩለትና ይርሳው 😄

እውነቱን ልንገርህ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አይገባኝም። ኦፕን ሶርስ ነጻ ነው ተብሎ የለም እንዴ? ነጻ ነገር ላይ ምን ፈቃድ አለ? ሰውዬው ዋጋ ሊያስወርድ ነው። ያን መስመር ከዝርዝሩ አጥፋና ላክለት፤ ማን ያያል?

ሰነድ አገላባጭ፦
ይሄን ምክር እንዳትሰማ፣ እለምንሃለሁ። ገዢው ጃሩን (የፕሮግራሙን ፋይል) ከፍቶ ራሱ ስካን ማድረግ ይችላል፤ ብዙዎቹም ያደርጋሉ። የላክኸው ዝርዝር ከተገኘው ካልገጠመ ችግሩ ከላይሰንስ ያልፋል፤ ሐሰተኛ ሰነድ ሰጥተሃል ማለት ነው። ነጻነቱ ደግሞ ያለ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ባለቤቱ መብቱን አልተወም፣ በቅድመ ሁኔታ ፈቀደልህ እንጂ። በእኛም አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ፈረንሳይ ውስጥ ኦራንጅ የሚባለው ትልቁ የቴሌኮም ኩባንያ ጂፒኤል የሚባለውን የኤጂፒኤል ዘመድ ላይሰንስ ሁኔታ ባለማክበሩ 2024 ላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ካሳ ፈርዶበታል።

አንጋፋው፦
ልጆች፣ ነገሩን ሰፋ አድርጋችሁ እዩት። ኤስቦም የተጠየቀው የአንድ ጀርመናዊ አመል ሆኖ አይደለም። 2021 መጨረሻ ላይ ሎግ4ጄ በሚባል ብዙ ሶፍትዌር ውስጥ ባለ ላይብረሪ ላይ የደኅንነት ክፍተት ሲወጣ ዓለም ሁሉ "እኛ ጋ አለ ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ድርጅት መልስ አልነበረውም። የአውሮፓ ኅብረት የሳይበር ሬዚሊየንስ አክት የሚባለው የሶፍትዌር ደኅንነት ሕግ በዲሴምበር 2024 ጸንቷል። የክፍተት ሪፖርት ግዴታው ከሴፕቴምበር 2026፣ ዋናው ክፍል ደግሞ ከዲሴምበር 2027 ጀምሮ ይሠራል። ሶፍትዌር የሚሸጥ አምራች ቢያንስ በቀጥታ የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች በዝርዝር እንዲይዝ ያስገድዳል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የአውሮፓ ገዢ ሁሉ ይጠይቃችኋል።

ኦፕን ሶርስን ግን አትፍሩ። የፋይዳ መታወቂያችን የቆመው ሞሲፕ በሚባል ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2ም ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ክፍት ሥራ ነው። አንድ ትንሽ ቡድን የፒዲኤፍ ሞተር ከዜሮ ልጻፍ ቢል ደረሰኙ መቼ ሊወጣ ነው? የሚያስፈልገው የያዙትን አውቆ መያዝ ነው።

ሌሊት ሠራተኛ፦
ትሪቪ አልኩህ እኮ። ኤስቦሙን ሳይክሎንዲኤክስ በሚባለው ፎርማት ያወጣልሃል፣ እሱን ላክለት። ኤስፒዲኤክስ የሚባለውን ፎርማት ከፈለገም ያወጣል።

የመርካቶ ኮደር፦
ጋሼ እናመሰግናለን። ሌሊት ሠራተኛ፣ አሂጄዋለሁ፤ ቀዩ የመጣው ከእሱ ነው። ፒያሳ ጃቫ፣ ሁለቱም አሉ! በጃስፐር በኩል 2.1.7 ገብቷል። 5.5.13 ደግሞ ለብቻው ተጨምሯል፤ ደረሰኙ ላይ ማኅተምና ፊርማ የምትለጥፍ አንዲት ክላስ (የኮድ ክፍል) ናት የምትጠራው። የሚጫነው እነሱ ሰርቨር ላይ ነው።

ጎተራ ክላውድ፦
እናንተ ሰርቨር ላይ አስቀምጡና በብራውዘር ይጠቀሙ። ካላስረከባችሁ ኮድ የመስጠት ግዴታ የለም።

ፒያሳ ጃቫ፦
ጎተራ፣ እሱ በተራ ጂፒኤል ነው የሚሠራው። ኤጂፒኤል የተጻፈው ይህንን ቀዳዳ ለመድፈን ነው፤ በኔትወርክ የሚጠቀመውንም ሰው ይጨምራል። ክላውድ ላይ ተደብቆ ማምለጥ የለም።

መርካቶ፣ ያንተ ነገር ቀላል ነው። አንድ ክላስ ብቻ ከሆነ 5.5.13ን አውጣና ክላሷን በሌላ የፒዲኤፍ ላይብረሪ፣ በአፓቺ ፒዲኤፍቦክስ፣ ጻፋት። ላይሰንሱ አፓቺ 2.0 ነው፤ ኮድህን ክፈት አይልም። ቀድሞ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ላይ ምስል መለጠፍ በደንብ ይችላል። ኦፕንፒዲኤፍ የሚሉህ ይኖራሉ፤ ጥሩ ነው፣ ከአይቴክስት 4 ተገንጥሎ የወጣ ነው። ግን የ1 ተከታታዩ የፓኬጅ ስም ከአሮጌው "ሎዋጂ" ጋር አንድ ነው። ጃስፐር ካመጣው ጋር እዚያው ይጋጭብሃል። ሦስተኛው መንገድ የአይቴክስትን የንግድ ላይሰንስ መግዛት ነው፤ እስከ ሰኞ አያልቅም። ስትጨርስ እንደገና ስካን አድርግና ቀዩ መጥፋቱን አይ። 2.1.7 እዚያው ቢቆይም ላይሰንሱን በትክክል ጽፈህ ላክ። ብዙ የቆየ ስለሆነ የደኅንነት ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላልና ጃስፐሩን የምታሻሽሉበትን ጊዜ አብረህ አሳውቃቸው።

ፊደል ወዳድ፦
ማንም ያላነሳውን ልጠይቅ። ደረሰኙ በአማርኛም ይወጣል? ከሆነ ፎንቱ ምንድን ነው? ኒያላን ከዊንዶውስ ኮፒ አድርጋችሁ ፕሮጀክቱ ውስጥ ካስገባችሁ እሱም የማይክሮሶፍት ንብረት ነው፤ አብሮ ማስረከብ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። የላይብረሪ ስካነር አያገኘውም፣ ሰው ግን ያገኘዋል። አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ተጠቀሙ። ሁለቱም በክፍት የፎንት ላይሰንስ ነው የተለቀቁት፤ የላይሰንሱን ፋይል አብራችሁ አስቀምጡ።

የመርካቶ ኮደር፦
ኧረ ኒያላ ነው!! ቆይ አሁኑኑ ልቀይረው። ተባረክ!

ሰነድ አገላባጭ፦
አንድ ነገር ቀረ። ይህ ሲስተም 5.5.13ን ይዞ ለአገር ውስጥ ደንበኞችም ተሰጥቷል? ከተሰጠ ለእነሱም የተስተካከለውን ቨርዥን ላኩ። ኤጂፒኤል 3 ጥፋቱን ላቆመ ሰው መንገድ ይሰጣል፦ ካቆማችሁ በኋላ ባለመብቱ በ60 ቀን ውስጥ ካላስጠነቀቃችሁ ፈቃዳችሁ ይመለሳል። ዝም ብሎ መተው ግን አያዋጣም።

ቀበና ዋናተኛ፦
እኔም ልጠይቅ በዚሁ። ሬዲስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይሰንሱን ቀየረ ሲባል ሰምቼ ነበር። ልንጨነቅ ይገባል?

ፒያሳ ጃቫ፦
በማርች 2024 ቢኤስዲ የሚባለውን ልል ላይሰንስ ትቶ ነበር። ያኔ ቫልኪ የሚባለው በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ተገንጥሎ ወጣ፤ እሱ አሁንም ቢኤስዲ ነው። ሬዲስ 8 ደግሞ 2025 ላይ ኤጂፒኤልን እንደ አንድ ምርጫ ጨመረ። ማሻሻያ ከማውረድህ በፊት የላይሰንስ ፋይሉን እይ። ኤስቦሙን በየቢልዱ በራሱ እንዲወጣ ካደረግኸው ደግሞ ለውጡ ዓርብ ማታ ሳይሆን በመጣበት ቀን ይታይሃል። መርካቶ፣ ፒዲኤፍቦክሱ እንዴት ሆነ? ማኅተሙ ተገልብጦ ከወጣ የገጹን ሮቴሽን እይ።