ለጀማሪ ልጅ የቤት ልምምድ የሚሆን፣ ዋጋው የማይከብድ ኪቦርድ የትኛው ነው? (ድሬዳዋ)

የከዚራዋ እናት፦

ጤና ይስጥልኝ። የአሥር ዓመት ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያኖ መማር ጀምራለች። መምህሯ ቤት ያለው ባለ ገመዱ፣ እውነተኛው ፒያኖ ነው፤ እኛ ቤት ግን የምትለማመድበት ምንም ነገር የለም። በዚህም ምክንያት የተማረችውን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ትረሳውና የትምህርቱ ግማሽ ያለፈውን በመከለስ ያልቃል። መምህሯ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን የምትለማመድበት ነገር እንዲኖራት ስለመከረኝ ኪቦርድ ልገዛላት ወስኛለሁ፤ ነገር ግን ስለ ዕቃው የማውቀው ነገር የለም።

እስካሁን ሦስት አማራጮች አሉኝ። አንደኛው እዚሁ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ያየሁት አዲስ ኪቦርድ ሲሆን፣ 61 ቁልፎች፣ ማይክሮፎንና በመቶ የሚቆጠሩ ድምፆች አሉት፤ ዋጋውም ከሁሉም ይቀንሳል፤ የአምራቹን ስም ግን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሁለተኛው ሳቢያን አካባቢ አንድ ሰው የሚሸጠው ያገለገለ ያማሃ ፒኤስአር-ኢ273 ነው። ሦስተኛው፣ ዱባይ የምትኖረው እኅቴ በሚቀጥለው ወር ስትመጣ ይዛልኝ እንድትመጣ ማድረግ ነው፤ እርሷም ስሙን ብቻ ንገሪኝ ብላኛለች።

አንድ ዘመዳችን ከ88 ቁልፍ በታች የሆነ ኪቦርድ ገንዘብ ማባከን ነው ብሎ አስፈራርቶኛል። የመብራቱን ነገር፣ የድሬን ሙቀትና አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤቶቻችንም ከእኛ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚለዩ ናቸው። የምታውቁ ሰዎች ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የሐረር ሙዚቃ መምህር፦

እኅቴ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ ሐረር ውስጥ ልጆችን አስተምራለሁ፤ ወላጆችም ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ሻጩ የሚያሰማዎትን ድምፅና ምት ሁሉ ለጊዜው ይተዉትና ቁልፎቹን ይመልከቱ፤ ልጅዎ በየቀኑ የምትነካው እነርሱን ነውና።

መጀመሪያ ስፋታቸውን ይለኩ። በፒያኖ ላይ ከአንዱ ዶ (ጥንድ ከሆኑት ጥቁር ቁልፎች በስተግራ ካለው ነጭ ቁልፍ) ግራ ጠርዝ እስከ ቀጣዩ ዶ ግራ ጠርዝ ያለው ርቀት፣ ማለትም የሰባት ነጭ ቁልፎች ስፋት፣ 16.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ገበያ ሲሄዱ የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙ (እኛ ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሜትር የሚያውስ ሰፊ አይታጣም)፤ ከዚህ ልክ በግልጽ የጠበበ ሆኖ ካገኙት የቱንም ያህል ቢያምር አይግዙት። ልጅዎ በጠባብ ቁልፍ ላይ ጣቶቿን መዘርጋት ከለመደች ቅዳሜ መምህሯ ቤት ስትደርስ እጇ በየጊዜው ከሚፈለገው ቁልፍ በመለስ ያርፋል።

ቀጥሎ፣ ቁልፉ የጣትን ኃይል የሚለይ መሆኑን ያረጋግጡ። ቀስ ብለው ሲነኩት ለስለስ ያለ፣ በረታ አድርገው ሲመቱት ጎላ ያለ ድምፅ ሊሰጥ ይገባል። ይህን የሚያደርገው ኪቦርድ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት መገናኛዎች አሉት፤ ቁልፉ ሲወርድ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ይዘጋል፣ ማሽኑም በሁለቱ መካከል ያለፈውን እጅግ አጭር ጊዜ ለክቶ የድምፁን ኃይል ይወስናል። ይህ በሌለው ኪቦርድ ላይ ልጅ እንዴትም አድርጋ ብትመታ ድምፁ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ጣቶቿ ልዝብና ብርቱ አመታትን ሳይለዩ ወራት ያልፋሉ። ያማሃ ፒኤስአር-ኢ273 ይህ የለውም፤ ታላቅ ወንድሙ ፒኤስአር-ኢ373 ግን አለው። በካሲዮም በኩል ሲቲ-ኤስ200 የለውም፣ ሲቲ-ኤስ300 አለው፤ ሁለቱ መልካቸው ስለሚቀራረብ ለእኅትዎ ስሙን ሲልኩ ቁጥሩን ጭምር ጻፉላት።

የ88ቱን ነገር በተመለከተ ዘመድዎ አጋንነውታል። ሙሉ ፒያኖ 52 ነጭና 36 ጥቁር፣ በድምሩ 88 ቁልፎች ያሉት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጀማሪ ልጅ ሁለቱን እጆቿን የምታሳርፈው መካከለኛው ዶ አካባቢ ስለሆነ፣ አምስት ኦክታቭ (ከዶ እስከ ዶ አምስት ጊዜ) የሚይዘው ባለ 61 ቁልፍ ለመጀመሪያው አንድና ሁለት ዓመት በቂ ነው። ባለ 49 ግን ግራ እጇ መንቀሳቀስ ሲጀምር ወዲያው ይጠብባታል። የፔዳል (በእግር ሲረገጥ ድምፁን የሚያቆየው) መሰኪያ መኖሩንም ያረጋግጡ፤ ፔዳሉን ዛሬ ባይገዙትም መሰኪያ የሌለው ኪቦርድ ላይ ነገ ሊጨምሩት አይችሉም።

ከወንበር ተቀምጣ ክንዷ ከክርኗ እስከ አንጓዋ ከቁልፎቹ ጋር እኩል በሆነ ከፍታ እንዲያርፍ ያድርጉ። ኪቦርዱን ነደባ (የሐረር ቤት መደብ) ላይ ወይም አልጋ ላይ አስቀምጠው የሚያጎነብሱ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እቆጣቸዋለሁ፤ አንጓ የሚታጠፈው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ከጉዳዩ ጥቂት ወጣ ብዬ ልጨምር። መልመጃው ሲሰለቻት፣ ሦስት ሆነው ከተሰደሩት ጥቁር ቁልፎች የመጀመሪያው ላይ ጀምራ ጥቁሮቹን ብቻ በተርታ እንድትጫወት ንገሯት፤ ያለ ምንም ስሌት የትዝታ ቅኝት በሜጀሩ ይወጣላታል። በነጮቹ ላይ ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብትል ያው ነው። ከቤት የምታውቀውን ዜማ በራሷ ጣት ያገኘች ልጅ ተነሽ ተለማመጂ መባል አያስፈልጋትም።

ጥገና ሳቢያን፦

መምህሩ ስለ ቁልፍ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ዕቃው ተበላሽቶ ወደ እኔ ሲመጣ የማየውን ልጨምር። ድሬ ውስጥ የኪቦርድ ዋነኛ ጠላት አቧራ ነው። ከላይ የተጠቀሱት መገናኛዎች በጎማ ሥር ያሉ ጥቃቅን ጥቁር ክቦች ናቸው፤ አቧራ ሲገባባቸው አንድ ቁልፍ ጨርሶ ድምፅ ያጣል፣ ወይም ቀስ ብለው ቢነኩትም ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይጮኻል። ስለዚህ ያገለገለ ሲገዙ፣ ኃይል የሚለይ ከሆነ፣ ከግራ ጥግ ጀምረው ነጩንም ጥቁሩንም ሳይዘልሉ እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ ጊዜ በቀስታ፣ አንድ ጊዜ በኃይል ይምቱ። ብቻውን የሚጮኽ ቁልፍ ካገኙ መድኃኒቱ ፈትቶ በንጹሕ አልኮል መጥረግ ነውና ከባድ ብልሽት አይደለም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን በቂ ምክንያት ነው። ብዙ ቁልፎች አብረው ዝም ካሉ ችግሩ ከአቧራ ያለፈ ሊሆን ስለሚችል ይተዉት።

ከዚያ ገልብጠው የባትሪ ድንጋዩን ቤት ይክፈቱ። ሽቦው ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝቃጭ ካለ ድንጋይ ውስጡ ፈስሶ ነበር ማለት ነው። የአዳፕተሩን መሰኪያ በጣትዎ ትንሽ ነቅነቅ ሲያደርጉት ኪቦርዱ የሚጠፋና የሚበራ ከሆነም የውስጡ ብየዳ ተሰንጥቋል። ድምፁን ከፍ አድርገው ከግራ ጥግ ያሉትን ወፍራም ድምፆች ይስሟቸው፤ የስፒከሩ ወረቀት ከተቀደደ እዚያ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ስለ መብራት ብዙ አይጨነቁ። ፒኤስአር-ኢ273ም ሆነ ኢ373፣ ሲቲ-ኤስ300ም ጭምር፣ በስድስት ትንንሽ ድንጋዮች ይሠራሉ። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አይቀላቅሉ፤ ኪቦርዱ ለረጅም ጊዜ የማይነካ ከሆነም ያውጧቸው፣ በእኛ ሙቀት ቶሎ ይፈሳሉና። መብራት ሲሄድ አዳፕተሩን ወዲያው ይንቀሉት፤ እኔ ጋ የሚመጡት አዳፕተሮች የሚቃጠሉት አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ነው።

የያማሃ መመሪያዎች ዕቃው ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት እንዲሠራ ያዛሉ። ቤት ውስጥ ጥላ ላይ ከሆነ ድሬም ያስኬዳል፤ በግንቦት ፀሐይ የተቆለፈ መኪና ውስጥ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መስኮት ዳር ግን አያስቀምጡት። ልጅቱ ስትጨርስ ንጹሕ ነጠላ ወይም አንሶላ ጣል ያድርጉበት፤ እርጥብ ጨርቅ ግን በፍጹም።

ታይዋን ያዩትን ስም የለሽ ኪቦርድ በሚመለከት፣ ዕቃው ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን አንድ ቁልፍ ሲሰበር የሚተካ አላገኝለትም።

የለገሃር ኪቦርዲስት፦

ከሁለቱም ወንድሞች ጋር በአንድ ነጥብ እለያለሁ። ልጅቱ የምትማረው በእውነተኛ ፒያኖ ከሆነ፣ የ61ዱ ቁልፍ ሥሩ ላስቲክ ስለሆነና የፒያኖው ቁልፍ መዶሻ ስለሚያነሣ፣ የአንዱ ልምምድ ለሌላው በሙሉ አይተላለፍም። በቤተ ክርስቲያን ለዓመታት ቀላል ኪቦርድ ስጫወት ቆይቼ ፒያኖ ላይ ስቀመጥ አራተኛውና አምስተኛው ጣቴ እንደሚደክሙ ራሴ አውቃለሁ። ባለ 88 ሆነው ክብደት ያለው ቁልፍ የተገጠመላቸው ያማሃ ፒ-45ና ሮላንድ ኤፍፒ-10 ይህን ችግር ይፈታሉ፤ በፒ-45 ላይ የግራዎቹ ቁልፎች ከቀኞቹ ይልቅ ከበድ ይላሉ፣ እንደ ፒያኖው። አዲሱ ውድ ነው፤ ያገለገለ ከተገኘ ግን ጥቂት ታግሦ ገንዘብ ማጠራቀም የሚያዋጣ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም 61ዱን የገዛ ሰው ልጁ ከገፋችበት ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ መግዛቱ አይቀርም።

ጉድለታቸውን አልደብቅም፤ ሁለቱም በድንጋይ አይሠሩም፣ ስለዚህ መብራት ከሌለ ልምምድም የለም። ከዱባይ በአውሮፕላን ማምጣቱም ጣጣ አለው። ፒ-45 11.5 ኪሎ ይመዝናል፣ ርዝመቱም 132.6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምረው 158 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ያለ ካርቶኑም እንኳ ከልኩ ያልፋል። ሲቲ-ኤስ300 በአንጻሩ 93 ሴንቲ ሜትርና 3.3 ኪሎ ብቻ ነው።

የከዚራዋ እናት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሥራ መልስ ሜትር ይዤ ታይዋን ሄድኩ፤ ያ ባለ ማይክሮፎኑ ኪቦርድ ከዶ እስከ ዶ 14 ሴንቲ ሜትር እንኳ አልሞላም፣ ስለዚህ ከምርጫዬ ወጥቷል። ባለ 88ቱ ለጊዜው ከአቅሜ በላይ ነው። ሲቲ-ኤስ300ን ከነቁጥሩ ለእኅቴ ልጽፍላት አስቤያለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ የዱባይ አዳፕተር እኛ ጋ ይሠራል? ለጎረቤቶቹስ ማንኛውም የጆሮ ማዳመጫ ይሆናል?

ጥገና ሳቢያን፦

ዱባይና ኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይላቸው ስለሚቀራረብ ዕቃው አይጎዳም። የዱባዩ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ መቀየሪያ ይግዙለት እንጂ እግሩን በቢላዋ አያስተካክሉት። ከአሜሪካ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አዳፕተሩ ላይ «100–240» የሚል ካልተጻፈ አይሰኩት እል ነበር። ወደፊት አዳፕተሩ ቢጠፋ ቮልቱ ብቻ ስለተመሳሰለ የሌላ ዕቃ አይሰኩበት፤ የፖዘቲቭና የኔጌቲቩ አቀማመጥ ከአምራች አምራች ሊለያይ ስለሚችል፣ ከመሰኪያው አጠገብ የተሣለውን ምልክት አዳፕተሩ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ።

ሲቲ-ኤስ300 የሚቀበለው የስልኩን ዓይነት ቀጭን መሰኪያ ስለሆነ፣ ቤት ያለው ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። በብሉቱዝ የሚሠራውን ግን አይቀበልም።

የሐረር ሙዚቃ መምህር፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዕቃው እጅዎ ሲገባ የጣትን ኃይል የሚለየው ተግባር አለመጥፋቱን ያረጋግጡ፤ ሊጠፋ የሚችል ነገር ስለሆነ ልጆች ሲነካኩ ያጠፉትና ወላጅ ኪቦርዱ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ድምፁንም ፒያኖው ላይ አድርገው ይተዉት። የጆሮ ማዳመጫውን ለምሽት ያቆዩት፤ ቀን ቀን ግን ያለ እርሱ ትጫወት፤ ስትሳሳት እርስዎም ይሰማሉና ቅዳሜ ለመምህሯ የሚነግሩት ይኖርዎታል።